የመኪና ጎማ ንፋስ ቤት ውስጥ መለካትና ማስተካከል፦ ደረጃ በደረጃ

«ለካሁ፣ ሞላሁ፣ በማግስቱ ስለካው ቁጥሩ ሌላ ነው።» የጎማ ንፋስ ቤታቸው መለካት የጀመሩ ሰዎች ደጋግመው የሚነግሩኝ ይህንን ነው። ብዙዎቹ መለኪያቸውን ይጠረጥራሉ። ሌላ መለኪያ ይገዛሉ። ችግሩ ግን አይለቃቸውም። ለምን ቢባል፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የመለኪያው ሳይሆን የሰዓቱ ነው። ጎማው ሞቆ ሳለ ይለካሉ።

እኔም በዚህ ተጎድቻለሁ። ረጅም መንገድ ነድቼ እንደገባሁ ለካሁ። መለኪያው 38 አለኝ። መኪናው የሚፈልገው 32 ነበር። በዝቷል ብዬ 6 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት የሚለካበት አሃድ ነው) አስተነፈስኩ። በማግስቱ ጠዋት ስለካው 27 ሆኖ ጠበቀኝ። ትክክለኛ የነበረውን ጎማ በገዛ እጄ አጉድዬው ነበር። ጠዋት ባልለካው ኖሮ በዚያው ስነዳ እከርም ነበር።

ስለዚህ ይህንን መመሪያ በቅደም ተከተሉ ተከተሉት። የደረጃዎቹን ቦታ አትቀያይሩ። 4 ጎማ ለመለካት 10 ደቂቃ ይበቃል። መሙላት ካለበት ግማሽ ሰዓት ያዙለት።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ዕቃዎቹን አሰናዱ

የሚከተሉትን አጠገባችሁ አድርጉ፦

• የንፋስ መለኪያ (ጌጅ)
• ኮምፕሬሰር ወይም የእግር ፓምፕ
• ጨርቅ
• በትንሽ ዕቃ የተበጠበጠ የሳሙና ውሃ፣ ከተቻለ በሚረጭ ጠርሙስ
• ጠመኔ
• ወረቀትና እስክሪብቶ
• የቫልቭ መርፌ መፍቻ (ቫልቭ ንፋስ የሚገባበት አፍ ነው፤ መርፌው ደግሞ ውስጡ ሆኖ ንፋሱን የሚዘጋው ነው። መፍቻዋ ትንሽዬ መሣሪያ ናት፤ አንዳንድ የቫልቭ ክዳኖች ጫፋቸው ላይ ይዘዋት ይመጣሉ)

መለኪያ ስትገዙ የሚያሳየውን ከፍተኛ ቁጥር እዩ። ለቤት መኪና እስከ 60 ወይም እስከ 100 ፒኤስአይ የሚያሳይ ይበቃል። ለከባድ መኪና የተሠራ፣ እስከ 150 እና ከዚያ በላይ የሚሄድ አትግዙ። በእሱ ላይ በ30 እና በ33 መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ጭረት ስለሆነች አንብባችሁ አታምኗትም። እስክሪብቶ የሚመስለው፣ ሰዓት የሚመስለውና ዲጂታሉ ሁሉም ይሠራሉ። እኔ ሰዓት የሚመስለውን እመርጣለሁ፤ ባትሪ አይፈልግም፣ መርፌውም ያነበበውን ይዞ ይቆያል። ብቻ ከእጃችሁ እንዳይወድቅ። አንድ ጊዜ ሲሚንቶ ላይ የወደቀ መለኪያ ከዚያ በኋላ የሚለውን ማመን ይከብዳል።

ሁልጊዜ አንድ መለኪያ ተጠቀሙ። ሁለት መለኪያ 1 ፒኤስአይ ሊለያይ ይችላል፤ ይህ ብዙም አይጎዳም። እያቀያየሩ መለካት ግን ጎማው ቀንሶ ይሁን መለኪያው ተለይቶ እንዳታውቁ ያደርጋል።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ጎማውን በእግር መምታት ወይም በዓይን መገመት መለካት አይደለም። የዛሬ ጎማዎች መሬት የሚነካው ጎናቸው በትክክል ተሞልተውም ትንሽ ተለጥጦ ይታያል። 32 መሆን የነበረበት 24 ሆኖ እንኳ ዓይን ላያየው ይችላል። ዓይናችሁ ካየው ብዙ ቀንሷል ማለት ነው።

ደረጃ 1፦ መኪናችሁ የሚፈልገውን ቁጥር ፈልጉ

የሹፌሩን በር ክፈቱ። በሩ ሲዘጋ የሚገጥምበትን ቋሚ ብረትና የበሩን ጠርዝ ተመልከቱ። ስቲከር አለ። እዚያ ካጣችሁት የነዳጅ መሙያውን ትንሽ በር ከፍታችሁ ውስጡን እዩ። ከዚያም ካልተገኘ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ አለ።

ስቲከሩ ላይ አራት ነገር አንብቡ፦

1. የጎማውን ልክ። ለምሳሌ 195/65 አር 15 የሚል ነው። ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ጋር አመሳክሩት። ካልተመሳሰለ የስቲከሩ ቁጥር ለእናንተ ጎማ ላይሠራ ይችላል፤ የሚስማማውን ቁጥር ከጎማ ባለሙያ ጠይቁ።
2. የፊትና የኋላ ቁጥር። ብዙ መኪና ላይ ይለያያል። ፊት 33፣ ኋላ 30 ሊሆን ይችላል። «አራቱንም እኩል» ማለት እዚህ ስህተት ነው። እኩል መሆን ያለባቸው የፊቶቹ ሁለቱ እርስ በርሳቸው፣ የኋላዎቹም ሁለቱ እርስ በርሳቸው ናቸው።
3. ባዶና ሙሉ ጭነት። አንዳንድ ስቲከር ሁለት ረድፍ አለው። አንዱ ለጥቂት ሰው፣ ሌላው ለሙሉ ሰውና ለዕቃ። ቤተሰብ ጭናችሁ ሩቅ የምትሄዱ ከሆነ ሁለተኛውን ያዙ።
4. መለኪያ አሃዱን። 2.2 ባር፣ 220 ኪሎፓስካል እና 32 ፒኤስአይ አንድ ናቸው። ባርን ወደ ፒኤስአይ ለመቀየር በ14.5 አባዙ። ኪሎፓስካልን ደግሞ ለ6.9 አካፍሉ።

አሁን ወደ ዋናው ማስጠንቀቂያ። ጎማው ጎን ላይ ንፋስን የሚመለከት ሌላ ቁጥር አለ። 44 ወይም 51 ፒኤስአይ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው እሱን አይቶ ይሞላል። ያ ቁጥር ጎማው የሚችለው ጣሪያ ነው፤ መኪናችሁ የሚፈልገው አይደለም። የጎማው ፋብሪካ ጎማው የየትኛው መኪና እግር ላይ እንደሚገባ አያውቅም። በዚያ ቁጥር የሞላችሁት እንደሆነ ጎማው ይደድራል፣ መሬት የሚይዘው መሃሉ ብቻ ይሆናል፣ መሃሉም ቶሎ ይበላል። ፍሬን ስትይዙም መኪናው እንደለመዳችሁት አይቆምም።

የስቲከሩን ቁጥር ወረቀቱ ላይ ጻፉት። በቃል አትያዙት።

ደረጃ 2፦ ጎማው ቀዝቃዛ እንዲሆን አድርጉ

የስቲከሩ ቁጥር ለቀዝቃዛ ጎማ የተሰጠ ነው። ቀዝቃዛ ማለት መኪናው ቢያንስ 3 ሰዓት የቆመ፣ ወይም ከ2 ኪሎ ሜትር በታች በዝግታ የተነዳ ማለት ነው። ጎማ ሲሽከረከር እየተለጠጠ እየተመለሰ ይሞቃል። ውስጡ ያለው ንፋስም አብሮ ሞቆ ይገፋል። በአንድ ጉዞ ከ4 እስከ 6 ፒኤስአይ መጨመር የተለመደ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ጠዋት ነው። መኪናው ከመነሳቱ በፊት፣ ፀሐይ ሳይመታው። ፀሐይ አንዱን ጎን ብቻ ካሞቀው የዚያ ጎን ጎማዎች ከሌሎቹ ከፍ ብለው ይታያሉ። ሰው ደግሞ ጥላ ያሉት ጎማዎች የጎደሉ ይመስለውና እነሱን ይሞላል። እንዳትሸወዱ።

የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ ንፋሱ 2 ፒኤስአይ ገደማ ይቀንሳል። ሲሞቅም እንደዚያው ይጨምራል። ብርድ ሲገባ ንፋስ መጉደሉን የሚናገረው የዳሽቦርዱ መብራት ጠዋት በርቶ ከሰዓት የሚጠፋው በዚህ ነው። መብራቱ ጠፋ ብላችሁ አትተዉት፤ ጎማው ልኩ ላይ ሳይሆን ጠርዙ ላይ ነው ያለው። ሙሉት።

ከፍታም ይቆጠራል። ደጋ ላይ ለክታችሁ ቆላ ስትወርዱ መለኪያው ዝቅ ያለ ቁጥር ያነባል፤ በየ1000 ሜትሩ 1.5 ፒኤስአይ ገደማ። የቆላው ሙቀት ጥቂቱን ስለሚመልሰው መንገድ ላይ አትጨነቁ። እዚያ የምትሰነብቱ ከሆነ ግን በማግስቱ ጠዋት እንደገና ለኩ።

ነድታችሁ መጥታችሁ ጎማው ቀንሶ ብታገኙትስ? መጠበቅ ካልቻላችሁ ሙሉት፤ ነገር ግን ከስቲከሩ ቁጥር 4 ፒኤስአይ ያህል ከፍ አድርጉት። 32 የሚፈልገውን 36 ላይ ተዉት። በማግስቱ ጠዋት ቀዝቅዞ ሳለ ለክታችሁ አስተካክሉት። ከሞቀ ጎማ ግን በፍጹም አታስተንፍሱ። እኔ የሠራሁትን ስህተት አትድገሙት።

ደረጃ 3፦ ለኩ

1. መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙ። የእጅ ፍሬን ያዙ። በክሪክ ማንሳት አያስፈልግም፤ ጎማው ቢነሳም ባይነሳም ንባቡ ያው ነው።
2. ከሹፌሩ ፊት ለፊት ካለው ጎማ ጀምራችሁ መኪናውን ዙሩ። ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ዙሩ። ወረቀቱ ላይ እንዳይምታታባችሁ ይረዳል።
3. የቫልቩን ክዳን ፍቱና ኪሳችሁ ውስጥ አስገቡ። መሬት ላይ ካስቀመጣችሁት አፈር ይዞ ይገባል፤ አፈሩም ቫልቩ ውስጥ ይቀራል።
4. የቫልቩን አፍ በጨርቅ ጥረጉ።
5. የመለኪያውን አፍ ቀጥ አድርጋችሁ በአንድ ግፊት አስገቡ። «ጭስ» የሚል ድምፅ ለቅጽበት ይሰማል፣ ከዚያ ጸጥ ይላል። ጸጥ ካለ በኋላ ያለው ቁጥር ነው ትክክለኛው። እየነፈሰ ሳለ ያነበባችሁት ሁልጊዜ ከእውነቱ ያነሰ ነው።
6. ቁጥሩን ፊት ለፊት ሆናችሁ አንብቡ። ከጎን ያየ ሰው መርፌውን ሌላ ጭረት ላይ ያየዋል።
7. ነቅላችሁ እንደገና ለኩ። ሁለቱ ንባብ በ1 ፒኤስአይ ውስጥ ከሆነ ጻፉት። ከዚያ ከተራራቀ ሦስተኛ ጊዜ ለኩና ተቀራራቢዎቹን ሁለቱን ውሰዱ።

በየልኬቱ ጥቂት ንፋስ መውጣቱ አያሳስባችሁ። በአንድ ቅጽበት የሚወጣው በመለኪያው የማይታይ ነው። ችግር የሚሆነው ሰው ፈርቶ ቀስ እያለ ሲገፋ ነው። ያን ጊዜ የመለኪያው አፍ ሳይገጥም የቫልቩ መርፌ ይከፈታል፣ ንፋሱም በጎን ይወጣል። በፍጥነት ግፉ፣ በፍጥነት ንቀሉ።

አራቱንም ለክታችሁ ጽፋችሁ ሳትጨርሱ አንዱንም መሙላት አትጀምሩ። አራቱን ቁጥር ጎን ለጎን ስታዩት ነው ነገሩ የሚገለጥላችሁ። አራቱም በ2 ወይም በ3 ከቀነሱ ሰንብታችሁ ነው የለካችሁት፤ ጤነኛ ጎማም ቢሆን በወር 1 ፒኤስአይ ያህል ያጣል። ሦስቱ 31 ሆነው አንዱ 25 ከሆነ ግን ያ ጎማ ያፈሳል። ይህንን ሞልቶ መሄድ ብቻውን መፍትሔ አይደለም።

ደረጃ 4፦ ሙሉ

መጀመሪያ ይህንን አንብቡ። ጎማው ሙሉ በሙሉ ተንፍሶ ሳለ የተነዳ ከሆነ ቤታችሁ አትሙሉት። በቸርኬውና በመሬት መካከል ተጨፍልቆ ሲሄድ የጎኑ ውስጥ ይቆረጣል፤ ከውጭ ግን ደህና ሊመስል ይችላል። እንዲህ ያለ ጎማ ሲሞላ ሊፈነዳ ይችላል። ጎሚስታው ከቸርኬው አውርዶ ውስጡን ማየት አለበት። ጎኑ ያበጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም ክሩ የወጣ ጎማም አይሞላም፤ ይቀየራል።

ጎማው ደህና ከሆነ፦

1. ኮምፕሬሰሩን ከመኪናው የሲጋራ መለኮሻ ሶኬት ጋር አገናኙ፤ ወይም ዓይነቱ ከሆነ በመቆንጠጫው ከባትሪው ጋር። ማርሹ ዜሮ ወይም ፓርክ ላይ መሆኑን አረጋግጡና ሞተሩን አስነሱ። ሞተሩ ከጠፋ ኮምፕሬሰሩ ባትሪውን ይጠጣዋል።
2. ይህ ሁሉ ደጅ ነው የሚሆነው። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነስታችሁ እንዳትሞሉ። የሞተር ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ ይገድላል። በሩን ከፈት ማድረግ አይበቃም።
3. የቱቦውን አፍ ቫልቩ ላይ ግጠሙ። የሚጠመዘዝ ከሆነ እስከ መጨረሻው አጥብቁ። በምላስ የሚቆለፍ ከሆነ እስከ ውስጥ ገፍታችሁ ምላሱን ቆልፉ።
4. ኮምፕሬሰሩን አብሩ። እየሞላ ሳለ የጎማው ጎን ፊት ለፊት አትቀመጡ። ከጥርሱ በኩል፣ ፈንጠር ብላችሁ ቁሙ። ልጆችን አርቁ።
5. በየደቂቃው አጥፉና አንብቡ። እየሠራ ሳለ የኮምፕሬሰሩ መለኪያ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል፤ ቱቦው ውስጥ የሚገፋውንም ይቆጥራልና። ብዙ ሰው 33 አየሁ ብሎ ያቆምና በኋላ 30 ያገኛል። ሚስጥሩ ይህ ነው።
6. ከምትፈልጉት ቁጥር 1 ወይም 2 ፒኤስአይ አሳልፉ። ቱቦውን ስትፈቱ ጥቂት ይወጣል። ትርፉንም በገዛ መለኪያችሁ እያያችሁ ታወጡታላችሁ። ወደ ታች ማስተካከል ወደ ላይ ከማስተካከል ይቀላል።
7. ቱቦውን ስትፈቱ ጨርቅ ያዙ። ጫፉ ላይ ያለው ናስ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እጅ ያቃጥላል።
8. በእጅ መለኪያችሁ ለኩ። የመጨረሻው ዳኛ እሱ ነው፤ ኮምፕሬሰሩ ላይ ያለው አይደለም።

ትንንሽ ኮምፕሬሰሮች ብዙ መሥራት አይችሉም። ብዙዎቹ ከ10 ወይም ከ15 ደቂቃ በኋላ ማረፍ አለባቸው። የእናንተው ስንት ደቂቃ እንደሚችል ገላው ወይም መመሪያው ላይ አለ። ካላረፈ ይቃጠላል።

በእግር ፓምፕ የምትሞሉም ቅደም ተከተሉ ያው ነው። 3 ወይም 4 ፒኤስአይ ለመጨመር አያስቸግርም። ከዜሮ ለመሙላት ግን ጉልበት ይፈጃል።

ጎሚስታ ዘንድ ናይትሮጅን ያስሞላችሁ ከሆነ ተራውን ንፋስ ለመጨመር አትፍሩ። የምንተነፍሰው አየር ራሱ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ሁለቱ ቢቀላቀሉ ምንም አይሆኑም። የቀነሰ ጎማ ይዞ ናይትሮጅን ፍለጋ መንዳት ነው ጉዳቱ።

ደረጃ 5፦ የበዛውን አስተንፍሱ

ጎማው ቀዝቃዛ መሆኑን እንደገና አስቡ። ከዚያ የመለኪያው ጀርባ ላይ ባለችው ሹል ጫፍ ወይም በማንኛውም ትንሽ ድፍን ነገር የቫልቩን መሃል መርፌ ተጫኑ። ለአንድ ሰከንድ ብቻ። ልቀቁ። ለኩ። ድገሙት። መርፌውን ወደ ጎን አትግፉት፤ ከተጣመመ አይዘጋም።

0.5 ፒኤስአይ ልዩነት አያስጨንቃችሁ። ሁለቱ የፊት ጎማዎች እርስ በርሳቸው፣ ሁለቱ የኋላዎቹም እንዲሁ እኩል መሆናቸው ነው የሚፈለገው። አንዱ ፊት ጎማ 32፣ ሌላው 27 ከሆነ መኪናው ወደ ቀነሰው ይጎትታል። እናንተም መሪ ተበላሸ ብላችሁ ጋራዥ ትሄዳላችሁ።

ደረጃ 6፦ ቫልቩ እንደማያፈስ አረጋግጡና ክዳኑን መልሱ

የሳሙናውን ውሃ ጠብታ የቫልቩ አፍ ላይ አድርጉ። 10 ሰከንድ ጠብቁ። አረፋ ካልወጣ ደህና ነው። አረፋ እየተነፋ ካደገ መርፌው እያፈሰሰ ነው፤ መፍትሔው ከታች አለ።

ክዳኑን መልሱ። «ክዳን ጌጥ ነው» የሚል ሰው ይኖራል። አይደለም። አቧራና ውሃ ወደ መርፌው እንዳይደርስ የሚከለክለው እሱ ነው። የፕላስቲክ ክዳን ይሻላል። የብረት ክዳን በብረት ቫልቭ ላይ ዝጎ ይጣበቃል፤ በተለይ ንፋሱን የሚያነብ ሴንሰር ያለው ቫልቭ ላይ። በጉልበት ሲፈታ ቫልቩ ራሱ ይሰበራል። በጣት ብቻ አጥብቁ፤ ፒንሳ አያስፈልገውም።

ደረጃ 7፦ ስኮርታውን አትርሱ

ይህ ደረጃ ሁልጊዜ ይዘለላል። ከዚያ ጎማ በተነፈሰ ቀን፣ በጨለማ፣ ስኮርታው ራሱ ባዶ ሆኖ ይገኛል።

ስኮርታው ከሌሎቹ እኩል ትልቅ ከሆነ፣ ስቲከሩ ላይ ካለው ከፍተኛ ቁጥር 2 ወይም 3 ፒኤስአይ አሳልፋችሁ ሙሉት። ስታወጡት ወደ ልኩ ታስተንፍሱታላችሁ። ቀጭኑ ጊዜያዊ ስኮርታ ግን ሌላ ነው። ብዙውን ጊዜ 60 ፒኤስአይ ይፈልጋል፤ ቁጥሩ ጎኑ ላይ ተጽፏል። በ32 የተሞላ ቀጭን ስኮርታ ላይ መንዳት አደጋ ነው። በልኩ ተሞልቶም ቢሆን ብዙዎቹ ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ አይነዱም።

ደረጃ 8፦ መዝግቡና ጊዜ ያዙ

ቀኑን፣ አራቱን ቁጥሮችና ጠዋቱ ብርድ ይሁን ሙቀት ጻፉ። አንድ መስመር ነው። ወረቀቱን መኪናው ውስጥ አስቀምጡ።

በወር አንድ ጊዜ ለኩ። ሩቅ መንገድ ከመሄዳችሁ በፊት፣ የአየሩ ሙቀት በጣም ሲቀየርና ጎማው ክፉ ጉድጓድ ሲመታ ደግሞ ወሩን አትጠብቁ። እዚያው ሳላችሁ እጃችሁን በጥርሱ ላይ አሳልፉ። ሁለቱ ዳርና ዳር ከተበላ ጎማው ሲነዳ የኖረው ጎድሎ ነው። መሃሉ ከተበላ በዝቶ ነው። አንዱ ዳር ብቻ ከተበላ ግን የንፋስ ጉዳይ አይደለም፤ የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል ይፈልጋል። የጥርሱ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ጎማው አብቅቷል። በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ጥርሱ ከእነሱ እኩል ከሆነ እዚያ ደርሷል።

ነገሩ እንቢ ሲላችሁ

መለኪያው በገባ ቁጥር ይነፍሳል፣ ጸጥ አይልም። አፉ ጠሟል። አንግሉን ቀይራችሁ ቀጥ አድርጉ። ቫልቩ በቸርኬው ቀዳዳ ተሸፍኖ እጃችሁ ካልደረሰ መኪናውን ጥቂት ገፋ አድርጉና ቫልቩን ወደ ታች ወይም ወደ ጎን አምጡት። ያም ካልሆነ የመለኪያው ውስጥ ላስቲክ አልቋል።

ኮምፕሬሰሩ ይሠራል፣ ጎማው ግን አይሞላም። የኮምፕሬሰሩን መለኪያ እዩ። ወዲያው 50 እና 60 ከደረሰ የቱቦው አፍ የቫልቩን መርፌ አልተጫነውም፤ ንፋሱ መግቢያ አጥቷል። ፍቱና ጠለቅ አድርጋችሁ ግጠሙ። ከዜሮ አልነሳ ካለ ደግሞ ቱቦው ያፈሳል፣ ወይም የጎማው ጠርዝ ከቸርኬው ለቋል። ጠርዙ ከለቀቀ በትንሽ ኮምፕሬሰር አይመለስም። ጎማው ላይ የሚቀጣጠል ነገር ረጭተው በእሳት የሚመልሱ ሰዎች አሉ። እንዳትሞክሩት። ፍንዳታ ነው፤ ፊትና እጅ ያሳጣል። ጎማውን በስኮርታው ቀይራችሁ ወደ ጎሚስታ ውሰዱት።

ኮምፕሬሰሩ ጭራሽ አይነሳም። ቁልፉን አዙሩ፤ ብዙ ሶኬት ቁልፍ ሳይዞር መብራት አያገኝም። ከዚያ የሶኬቱን ፊውዝ እዩ። ፊውዙ ከተቃጠለ በራሱ ልክ ተኩት። ከፍ ያለ አምፔር አስገብታችሁ ገመዱን አታቃጥሉ።

ከለካችሁ በኋላ ቫልቩ መንፈሱን አላቆመም። አሸዋ ይዟል። መርፌውን አንድ ሁለቴ ፈጠን አድርጋችሁ ተጫኑና ልቀቁ፤ የሚወጣው ንፋስ አሸዋውን ይዞት ይወጣል። ካልቆመ በመርፌ መፍቻው ወደ ቀኝ በጥቂቱ አጥብቁ። ስስ ነገር ነው፣ ከሚገባው በላይ አታጥብቁ። አሁንም ካፈሰሰ መርፌው ይቀየራል። መርፌውን ስትፈቱ ጎማው በሙሉ እንደሚተነፍስ አውቃችሁ ኮምፕሬሰሩን አዘጋጁ፤ መኪናውንም መጀመሪያ በክሪክ አንሱት። ዘይት ወይም ቅባት ቫልቩ ውስጥ አታድርጉ፤ ላስቲኩን ያበላሻል፣ አቧራም ይሰበስባል።

አንዱ ጎማ በየሳምንቱ ይቀንሳል። በስቲከሩ ልክ ሙሉትና የሳሙናውን ውሃ በቅደም ተከተል ርጩ። መጀመሪያ ቫልቩ አፍ፣ ቀጥሎ የቫልቩ ሥር፣ ቀጥሎ ጎማው ከቸርኬው ጋር የሚገናኝበት ክብ በውጭም በውስጥም፣ በመጨረሻ ጥርሱ ላይ። ጥርሱን ለማየት መኪናውን እየገፋችሁ ጎማውን በሩብ ዙር አሽከርክሩ። ትንንሽ አረፋ አንድ ቦታ ላይ ሲሰበሰብ ካያችሁ በጠመኔ ክበቡት። ቀዳዳዋ ጠባብ ከሆነች አረፋው ለመውጣት ደቂቃዎች ሊፈጅበት ይችላል፤ አትቸኩሉ። ምስማር ካገኛችሁ አትንቀሉት። ብዙ ጊዜ ቀዳዳውን የደፈነው ራሱ ምስማሩ ነው፤ ከነቀላችሁት ባላችሁበት ትቀራላችሁ። ሙሉትና በዝግታ ወደ ጎሚስታ ሂዱ። ቀዳዳው ጎኑ ላይ ከሆነ መለጠፍ አይበቃም፣ ጎማው ይቀየራል።

የዳሽቦርዱ መብራት አልጠፋም። አራቱንም በጠዋት ሞልታችሁ ከሆነ ጥቂት ኪሎ ሜትር ንዱ፤ አንዳንዱ ስኮርታውንም ስለሚያነብ እሱንም እዩ። ቫልቩ ላይ ሴንሰር የሌላቸው መኪኖች የጎማውን አዟዟር እያነጻጸሩ ነው የሚያውቁት። እነሱ ከሞላችሁ በኋላ ልኩን እንደ አዲስ እንዲይዙ መታዘዝ አለባቸው። ቁልፉ ወይም ሜኑው የት እንዳለ የመኪናው መመሪያ ይነግራችኋል። ሳትሞሉ በዚያ ቁልፍ መብራቱን አታጥፉት፤ የጎደለውን ትክክል ነው ብሎ ይይዘዋል። ሞተር ስታስነሱ መብራቱ ለአንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ብሎ ከዚያ በርቶ ከቀረ ደግሞ የጎደለው ንፋስ ላይሆን ይችላል፤ ሲስተሙ ራሱ ተበላሽቷል። ብዙ ጊዜ የሴንሰሩ ባትሪ አልቆ ነው። እስኪጠገን ድረስ በየሳምንቱ በእጅ ለኩ።

መብራቱ በርቶ የማያውቅ ከሆነስ? እሱንም ተማምናችሁ መለካት አትተዉ። በአሜሪካ ሕግ ለምሳሌ መብራቱ እንዲበራ የሚገደደው ንፋሱ ከልኩ በ25 በመቶ ሲወርድ ነው። 32 የሚፈልግ ጎማ 24 እስኪደርስ ዝም ሊል ይችላል ማለት ነው። 26 ላይ መብራት የለም፤ ጎማው ግን እየሞቀ፣ ዳርና ዳሩም እየተበላ ነው።